ሁለተኛው ወረቀት

መኪናዋ መስኮት ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፏል። እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር።

ጊዜው 2022 ነው፤ ኤፕሪል ወር። ባለቤቴ ሦስተኛ ልጃችንን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ያለችን አንዲት አሮጌ ኮሮላ ናት። ከኋላ ሁለት የልጅ መቀመጫ ታስሮባታል። ሦስተኛ እንዲገባ ብዬ ሜትር ይዤ ለካሁ፤ አልሆነም። ስለዚህ ሲየና የሚባለውን የቶዮታ ሚኒቫን እንግዛ ተባባልን። እዚህ ሜሪላንድ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ግቢ የቆመ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ልጆች፣ ጋሪ፣ አንዳንዴም አያት አብረው የሚሳፈሩበት መኪና ነው። ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ሲየና የሚመረተው በሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚንና በኤሌክትሪክ አብሮ በሚሠራ ሞተር፣ ብቻ ስለሆነ ነዳጅ ይቆጥባል።

መኪና ግን የለም። ስልክ የደወልኩበት ዲለር፣ መኪና ሻጭ ድርጅት ማለት ነው፣ ሁሉ ግቢው ባዶ ነው። በመጨረሻ አንዱ “በሁለት ሳምንት አንዲት ትመጣለች፣ ቀብድ ካስያዝክ ያንተ ናት” አለኝ። ዋጋውን ጠየቅኩት። “ስቲከሩ ላይ ያለው ነው” አለኝ፤ መስኮቷ ላይ የሚለጠፈው የአምራቹ የዋጋ ወረቀት ማለቱ ነው። 40 ሺህ 900 ዶላር። 500 ዶላር በካርድ ከፈልኩ። ያንን ቃሉን በጽሑፍ አልተቀበልኩም።

ለዳውን ፔይመንት፣ ለቅድመ ክፍያው፣ ያዘጋጀነው የዕቁብ ብር ነው። ሃያ ሰው ሆነን በወር 500 ዶላር እንጥላለን። ዕጣው ለእኛ የወጣው በዚያው ሰሞን ስለነበር፣ እግዜር መንገዱን ከፈተልን ብለን ነበር።

መኪናዋ መጣች ተባልንና ልጆቹን ይዘን አንድ ሰዓት ነድተን ሄድን። የመጀመሪያው ወረቀት እንደተባለው 40 ሺህ 900 ይላል። ከጎኑ ያለው አነስ ያለ ወረቀት ነው። “ማርኬት አጀስትመንት” (የገበያ ማስተካከያ) 6,995 ዶላር። “ፕሮቴክሽን ፓኬጅ” (የመከላከያ ጥቅል) 1,995 ዶላር። ፓኬጁ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ቀለም መከላከያ ቅባት፣ የበር ጠርዝ ላስቲክ፣ መስታወት ላይ የተቀረጸ የሻንሲ ቁጥር፣ ጎማ ውስጥ የተሞላ ናይትሮጅን። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። “ማርኬት አጀስትመንቱስ?” አልኩት። “ገበያው ነው” አለኝ። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም። በደንብ አስቡት፤ በዚህ መስመር የሚከፈለው 7 ሺህ ዶላር መኪናዋ ላይ አንዲት ብሎን እንኳ አይጨምርም።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ በታተመ ዋጋ አምን ነበር። እዚህ አገር ሱቅ ገብተህ የተጻፈውን ከፍለህ ትወጣለህ። የመኪናው ስቲከርም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳጣራ ነው የገባኝ። ስቲከሩን መስኮት ላይ መለጠፍ በሕግ ግዴታ የሆነው በ1958 ነው። ሕጉን ያመጡት የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ናቸው፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ሕጉ የአምራቹ ዋጋ ለገዢው ይታይ ይላል። በዚያ ዋጋ ይሸጥ ግን አይልም። ይህ የአምራቹ ዋጋ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤምኤስአርፒ ይባላል፤ ውስጡ ያለችው “ኤስ” ትርጉሟ “ሐሳብ የቀረበበት” ነው። አምራቹ ሐሳብ ያቀርባል፣ ዲለሩ የራሱን ዋጋ ይቆርጣል። በአብዛኛው ስቴት ሕጉ ራሱ ትልልቆቹ አምራቾች በቀጥታ ለገዢ እንዳይሸጡ ይከለክላል። ዲለሩ መኪናውን ከአምራቹ ገዝቶ የራሱ ካደረገው በኋላ፣ ላዩ ላይ ሁለተኛ ወረቀት ቢለጥፍ ከልካይ የለውም።

ያ ዓመት ደግሞ ክፉ ዓመት ነበር። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ የመኪና ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ያዘዙትንም ቺፕ፣ መኪናው ውስጥ የሚገባውን ትንሿን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ሰረዙ። ቺፕ ሠሪዎቹ ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተርና ሌላ ኤሌክትሮኒክስ አዞሩ። ሰው መኪና መፈለግ ሲጀምር አምራቾቹ ከሰልፉ መጨረሻ ተገኙ። የመኪና ገበያን የሚከታተለው ኤድመንድስ እንዳወጣው፣ በጃንዋሪ 2022 አዲስ መኪና ከገዙት ከ100 ሰዎች ከ80 በላይ የሚሆኑት ከስቲከሩ በላይ ከፍለዋል። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት እንዲህ የከፈለው ከ100 አንድ ሰው እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያው በ2022 መጀመሪያ ጀነራል ሞተርስና ፎርድ ከስቲከር በላይ የሚጨምሩ ዲለሮቻቸውን አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያው እኔ ወደቆምኩበት ግቢ የሚደርስ አልነበረም።

ሻጩ ጥሩ ሰው ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ለልጆቹ ጁስ ሰጣቸው። ለባለቤቴ ወንበር ስቦ አመጣላት። ቀብዴን ይዞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቴክስት ሲያደርግልኝ ነበር። እና እኔ ውስጤ እየተቃጠለ “ይሄ ሰውዬ ይህን ያህል ደክሞልኝ እንዴት እምቢ ልበለው?” እያልኩ ነው። ይሉኝታ! እኛን ብዙ ቦታ የምታስፈርመን እሷ ናት። እንግሊዝኛ ሳይከብደኝ፣ ሒሳቡ ሳይጠፋኝ፣ አፌን የያዘኝ ይሉኝታ ነው። ስንቱ ወገኔ በዚህች ምክንያት ብቻ እስክሪብቶ እንዳነሳ ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ፋይናንስ ክፍል አስገቡን። እዚያ ያለው ሰው ስለ ጠቅላላ ዋጋው መናገር አይወድም። “በወር ስንት ብትከፍል ይመችሃል?” ነው ጥያቄው። ከ650 ባይበልጥ አልኩት። ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረገና “ይኸው፣ 630!” አለኝ። ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረው። ባለቤቴ ግን “ለስንት ወር?” አለችው። 84። ሰባት ዓመት ማለት ነው። አሁን ሆዷ ውስጥ ያለችው ልጅ አንደኛ ክፍል ስትገባ እንኳ ዕዳው አያልቅም።

“ትንሽ ነፋስ እንቀበል” ብለን ወጣን። ፓርኪንጉ ላይ ቆመን በስልኬ ሒሳብ ሠራሁ። የተጨመረው 9 ሺህ ብቻውን፣ የዚያን ጊዜው የሜሪላንድ 6 በመቶ ታክስና በ5.9 በመቶ የሰባት ዓመት ወለዱ ሲታከልበት፣ ከ11 ሺህ 600 ዶላር በላይ ይሆናል። ባለቤቴ ሒሳቡን በሌላ መንገድ ነበር የሠራችው።

“ዘጠኝ ሺህ እኮ ዓመት ከመንፈቅ የጣልነው ዕቁብ ነው” አለችኝ። “አንተ ሌሊት ስትነዳ፣ እኔ በዚህ ሆዴ በሽተኛ ሳገላብጥ። ለምኑ ነው የምንሰጠው? ለወረቀቱ?”

ከሃያ ዓመት በላይ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የነዱ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። ደወልኩላቸው።

“ፈርመሃል ልጄ?”

“አልፈረምኩም ጋሼ።”

“እንግዲያው ምንም አልሆንክም። ሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ትችላለህ የሚሉህን እንዳትሰማ፤ ከዲለር ለተገዛ መኪና እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ቀብድህን ተቀበልና ልጆችህን ይዘህ ሂድ።”

ተመልሼ ገባሁ። ሻጩን ዓይን ዓይኑን እያየሁ “አንወስዳትም” አልኩት። አልተቆጣም፣ አልተከፋም። “ችግር የለም፣ ከኋላህ ሦስት ሰው እየጠበቀ ነው” አለኝ። ስንት ደቂቃ ያሠቃየኝ ይሉኝታ ለእሱ ምኑም አልነበረም። ቀብዴ ካርዴ ላይ የተመለሰው ግን አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ፣ አራት ጊዜ ደውዬ ነው።

ከዚያ ሥራው የባለቤቴ ሆነ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለ14 ዲለሮች ኢሜይል ጻፈች፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዴላዌር፣ ፔንሲልቬኒያ። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። “አውት ዘ ዶር” ዋጋውን፣ ማለትም ታክሱም፣ የሰነድ ክፍያውም፣ ተጨማሪ የሚሉትም ሁሉ ተደምሮ የመጨረሻውን ቁጥር በጽሑፍ ላኩልኝ። አብዛኞቹ “ኑና እንነጋገር” አሉ። እነዚያን ተወቻቸው። ቁጥር የላኩት አራት ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ ላይ ጭማሪ አለ። የፔንሲልቬኒያው ብቻ በስቲከሩ ዋጋ፣ ያለ ምንም ፓኬጅ፣ ማናጀሩ ፈርሞበት ላከልን። ወረፋው ግን ስድስት ወር ነው። ሜይ ላይ ተመዘገብን።

የሥራ ባልደረባዬ በዚያው ሰሞን 7 ሺህ ጨምሮ ሌላ መኪና ገዛ። “ምን ላድርግ፣ ያለ መኪና ሥራ የለም” አለኝ፤ አልፈርድበትም። በ2024 ሌላ ስቴት ሊዛወር መኪናውን ለመሸጥ ወሰደው። ገበያው ወርዷል። የሚቀርበት ዕዳ መኪናው ከሚያወጣው በብዙ ይበልጣል። የጨመራት 7 ሺህ መኪናው ውስጥ አልነበረችም፤ ዕዳው ውስጥ ግን አለች። ልዩነቱን ከኪሱ ከፍሎ ነው የተገላገለው።

በዲሴምበር 2023 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ፣ አንድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ጭማሪውን አይከለክልም። ዲለሩ እውነተኛውን ጠቅላላ ዋጋ ከመጀመሪያው ይንገር፣ ገዢውን የማይጠቅም ነገር አያስከፍል ነው የሚለው። ከተራ አየር የማይለየው የጎማ ናይትሮጅን ሳይቀር ተጠቅሶበታል። ሳነበው የእኛን ቀን የጻፉት መሰለኝ። ዲለሮቹ ከሰሱ፤ በጃንዋሪ 2025 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ የአወጣጥ ሥርዓቱን አልጠበቀም ብሎ ደንቡን ሻረው። በጣም አዘንኩ። ባለቤቴ በየሌሊቱ ተቀምጣ የለመነችው ያንኑ አንድ ቁጥር ነበርና።

ልጃችን ኦገስት ላይ ተወለደች። ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ልናስነሳት ስንሄድ መኪናው አልመጣም። ባለቤቴና ሕፃኗ በክርስትና እናቷ መኪና ሄዱ። እኔ ሁለቱን ይዤ በኮሮላዋ ከኋላ ተከተልኳቸው። ትልቁ ልጄ መንገዱን ሙሉ “ለምንድን ነው አብረን ያልሆነው?” እያለ ይጠይቀኛል።

ሲየናዋ የመጣችው ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሌሊት ተነስቼ ሄድኩ። መጀመሪያ ያየሁት መስኮቷን ነው። አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።