ለትሬድ የምንሰጠው አድራሻ ባለቤቱ ማን ነው?

በስደት ላይ ፕሮግራሚንግ የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ቀን ሥራ፣ ማታ ላፕቶፕ። አጠገቡ «እስቲ ይህን እይልኝ» የሚለው ሰው የለም። እኔም ሲ ቋንቋን የተማርኩት በፈረቃ መሃል ነው። አሁን መተዳደሪያዬ ስለሆነ፣ አዲስ የመጡ ልጆች ሲደውሉልኝ ደስ ብሎኝ አስረዳለሁ።

በቅርቡ አንዲት ልጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትዘጋጅ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) የሚከፍት የሲ ኮዷን ላከችልኝ። «ጋሼ፣ አራት ትሬድ ከፍቼ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ሰጠኋቸው። አንዳንዴ ልክ ይመጣል። አንዳንዴ 2 ሁለት ጊዜ ይጽፋል። አንዳንዴ ደግሞ 4 ይላል፤ 4 የሚባል አልሰጠሁም እኮ! ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም መሰለኝ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አሳዘነችኝ። አንዴ ልክ፣ አንዴ ስህተት የሚሆን ኮድ ብቻውን የሚማርን ሰው ተስፋ ያስቆርጣል። ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ትሬድ የሚከፍተው ፒትሬድ ክሪኤት (pthread_create) አራት ነገር ይቀበላል። የትሬዱ መለያ የሚጻፍበት ቦታ፣ የትሬዱ ባሕርያት፣ የሚሠራው ፈንክሽን፣ በመጨረሻም አንድ ቮይድ ፖይንተር፣ ማለትም የማንኛውም ዓይነት ዳታ የሜሞሪ አድራሻ። ለእኛ ዳታ የተተወችው ያቺ አንዲት ፖይንተር ናት። በ2011 የሲ ስታንዳርድ ውስጥ የገባው የትሬድ ላይብረሪም ለዳታ አንድ ፖይንተር ብቻ ነው የሚተወው። ስለዚህ ብዙ ነገር ማሳለፍ ከፈለግን ስትራክት (ብዙ ዳታ አንድ ላይ የሚይዝ) ሠርተን አድራሻውን እንሰጣለን።

ልጅቷ የሰጠችው ትሬዶቹን በየዙሩ የሚከፍተውን የሉፑን ቆጣሪ አድራሻ ነው። አራቱም ትሬዶች የሚያዩት ያንኑ አንድ ቦታ ነው። አንዱ ተነስቶ እስኪያነብ ድረስ ሉፑ ቁጥሩን ከፍ አድርጎታል። ሉፑ ሲያልቅ ቆጣሪው 4 ይሆናል፤ የዘገየ ትሬድ ያንን ያነባል።

«እሺ፣ ሉፑ ውስጥ ሌላ ቫሪያብል ልፍጠርና የሱን አድራሻ ልስጥ?» አለችኝ። ይሄኛው የባሰ ነው። ያ ቫሪያብል ዕድሜው በአንድ ዙር ያልቃል፤ ኮምፓይለሩም ብዙ ጊዜ በየዙሩ ያንኑ የስታክ (የፈንክሽን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ቦታ ይጠቀማል። ለሰው አድራሻ ሰጥቶ ቤቱን እንደመልቀቅ ነው። እየሠራ ቢመስልም እንኳ አይታመንም።

እኔ የምወደው መንገድ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ስትራክት ያለበት አሬይ (ዝርዝር) በዋናው ፈንክሽን በሜይን ውስጥ ማዘጋጀት፣ ከዚያ ሁሉም እስኪጨርሱ በፒትሬድ ጆይን መጠበቅ። ውጤቱም እዚያው ስትራክት ውስጥ ሊጻፍ ይችላል። ከጆይን በኋላ ያለ ስጋት ይነበባል። ትሬዱን የፈጠረው ፈንክሽን ቶሎ የሚመለስ ከሆነ ግን ማሎክ ያስፈልጋል፤ ማሎክ የሰጠን ሜሞሪ በፍሪ እስክንመልሰው ይቆያል። ያኔ ፍሪ የሚያደርገው ራሱ ትሬዱ ይሁን። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይዘነጋል፦ ፒትሬድ ክሪኤት ከዜሮ ሌላ ቁጥር ከመለሰ ትሬዱ አልተፈጠረም፤ ስለዚህ ሜሞሪውን ፈጣሪው ራሱ ነጻ ማድረግ አለበት። ቁጥሩን ራሱን ወደ ፖይንተር ቀይሮ መላክም አለ። ለትንሽ ቁጥር ይሠራል፤ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም።

ክሪኤት ከመጠራቱ በፊት የጻፍነውን አዲሱ ትሬድ በትክክል ያየዋል። ከዚያ በኋላ በጋራ የምንለውጠው ነገር ካለ ግን ሚውቴክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያስገባ ቁልፍ) ወይም ሌላ የማመሳሰያ ዘዴ የግድ ነው። ቫሪያብሉን ቮላታይል ብሎ መጻፍ ብቻ አያድንም።

ለቃለ መጠይቁ የነገርኳት ሌላም ነገር አለ። በሰው አገር ቋንቋ መናገር ሲከብድሽ ሥዕል ሣዪ። ለእያንዳንዱ ትሬድ ሣጥን፣ ወደ ዳታው የሚሄድ ቀስት፣ ከጎኑ ማን ፍሪ እንደሚያደርገው። ጠያቂዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት እሱን ነው፤ የንግግር ዘዬሽን አይደለም። ከዚያ ኮዷን በትሬድ ሳኒታይዘር፣ የትሬዶችን ግጭት በሚያገኝ መሣሪያ፣ እንድታስኬደው አደረግኩ። ጂሲሲና ክላንግ የተባሉት ኮምፓይለሮች ሁለቱም አላቸው። ሁለት ትሬዶች የተጋጩበትን መስመር ቁጥሩን ጠቅሶ አሳያት። አሁን አሬዩን እየጻፈች ነው፤ ቀጥሎ የማሎኩን እንሞክራለን።