12+3 ለቀሩት ዲግሪያቸው ይሰጣቸው

የምርቃት ሰሞን ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ጋዋን የለበሰ ልጅ፣ አበባ ሻጭ፣ ፎቶ አንሺና ከክፍለ ሀገር የመጣ ቤተሰብ መንገዱን ሲሞላው ደስ ይለኛል። ግን ሁሌ አንድ ነገር ይከነክነኛል። እዚሁ ግቢ ተምረው ሳይመረቁ የቀሩትስ?

ሰንፈው ያቋረጡትን አይደለም የምለው። መንግሥት ከክፍል አውጥቶ የላካቸውን ነው።

ታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር የዩኒቨርሲቲ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራን ጋር ወደ ገጠር ዘመቱ። 60 ሺህ ገደማ ነበሩ። ፊደል አስቆጠሩ፤ የካቲት ላይ የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣም ገበሬውን በማኅበር አደራጁ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። የሞተው ሞተ፣ የታሰረው ታሰረ፣ በሱዳን በኩል የተሰደደም አለ፣ ቤተሰብ ለመደገፍ ሥራ ገብቶ በዚያው የቀረም ብዙ ነው።

አጎቴ ከነዚህ አንዱ ናቸው። የዘመቱት 3ኛ ዓመት ጨርሰው አንድ ዓመት ሲቀራቸው ነው። ከዚያ በኋላ ፎርም በሞሉ ቁጥር የትምህርት ደረጃ የሚለው ላይ «12+3» ብለው ይጽፋሉ። ደመወዝም እድገትም በወረቀት ስለሆነ፣ እሳቸው ሥራ ያስለመዷቸው ልጆች ዲግሪ ይዘው መጥተው አለቃ ሆነውባቸዋል። «ጋሼ» ይሏቸዋል፣ ይወዷቸዋል፣ ፈራሚዎቹ ግን ልጆቹ ነበሩ። ጡረታቸውም የተሰላው በዚያችው ደመወዝ ነው። ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔን ግን ያንገበግበኛል።

ሌላ አገር ተደርጓል። አሜሪካ በ1942 እ.ኤ.አ. የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ከምዕራብ ጠረፍ አፍሳ ካምፕ ስታስገባ የብዙ ተማሪዎች ትምህርት ተቋረጠ። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ2008 የክብር ዲግሪ ሰጣቸው። በዓመቱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተከተለ። እሱማ ከ1972 ጀምሮ የክብር ዲግሪ መስጠት አቁሞ ነበር፤ ለእነሱ ሲል እገዳውን አነሳ። በሕይወት ለሌሉት ቤተሰብ ተቀበለላቸው።

«በፎርጅድ ዲግሪ በተቸገርንበት ጊዜ ላልጨረሰ ሰው እንዴት ዲግሪ ይሰጣል?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው የክብር ይሁን የምለው። ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ማንም የሙያ ፈቃድ አያወጣበትም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለታዋቂ ሰዎች የክብር ዶክትሬት ይሰጡ የለም እንዴ? ለእነዚህ የመጀመሪያ ዲግሪ መስጠት ምኑ ይከብዳል?

መነሻው ሬጅስትራር ነው። የዚያን ዘመን መዝገብ ይገለጥ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ጥሪ ይተላለፍ፣ የድሮ መታወቂያ ወይም የውጤት ወረቀት ያለው ይዞ ይምጣ፣ የሞቱትን ደግሞ ቤተሰብ ይወክላቸው። ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ዛሬ 70ን አልፏል። ስለዚህ ከመጪው ምርቃት ይጀመር፤ ኮሚቴ እስኪቋቋም፣ ጥናት እስኪጠና የሚጠብቁበት ጊዜ የላቸውም።