ማታ ማታ ለማን ያወራል?

«አያስቸግርም፤ ድምፁም አይሰማም» ነበር ያሉት የተማሪዬ አክስት፣ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡት። ማመስገናቸው ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ያው ዝምታው ነበር። ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ በእረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። የደብረ ብርሃን ብርድ የማያስገድደው የለምና ፀሐይ መሞቁ አይገርምም፤ ብቻውን መሆኑ ነው እንጂ።

ልጁ መንዝ፣ አያቱ ዘንድ በግ ሲጠብቅ ያደገ ነው። እኔም የዚያው አገር ሰው ስለሆንኩ ማታ እሳት ዳር የሚሆነውን አውቃለሁ። እረኛው በጎቹን አስገብቶ ሲመጣ ሽማግሌው ይጠይቁታል፦ የትኛዋ አነከሰች? ግልገሏ ጠባች? ሣሩ በየት በኩል ይሻላል? ልጁ ይመልሳል፤ እርሳቸውም እስኪጨርስ ይሰሙታል፤ የነገው መሰማሪያም በእርሱ ቃል ይወሰናል። በእንግዳ ፊት «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚሉትም እኚሁ ሰው ናቸው!

ስለዚህ ደብተር ሳርም አጠገቤ እያስቀመጥኩ ስለ በጎች እጠይቀው ጀመር። መጀመሪያ «ደኅና ናቸው» ብቻ ነበር መልሱ። እየቆየ ግን መንታ ወልዳ አንዱን ግልገል አላጠባም ያለች በግ እንደነበረች፣ እርሱም እግሯን ይዞ ያጠባው እንደነበር ነገረኝ። መደመርና መቀነሱንም በበጎች አደረግነው። አሁን ስሌቱን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ንባቡ ገና ነው። አብሮት የሚቀመጠው የከተማ ልጅ ደግሞ የእረኝነት ነገር ደንቆት ጥያቄው አያልቅም፤ ከእኔ ይልቅ ያስለፈለፈው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ኤሚ ወርነር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1955 በሃዋይ፣ ካዋይ ደሴት የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው ተከታትላለች። በድህነትና በቤተሰብ ችግር መካከል ካደጉት ውስጥ ሲሶ ያህሉ ራሳቸውን የቻሉ፣ ለሰው የሚያስቡ ሰዎች ሆነዋል። ከደገፏቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ አንድ የማይለያቸው አዋቂ ማግኘታቸው ነበር፤ የግድ ወላጅ አይደለም፣ አያትም ሊሆን ይችላል።

ይህን ለባልደረባዬ ሳወራው «ክፍልህ ሙሉ ነው፤ ለስንቱ ትደርሳለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልደርስም። ለዚህ ልጅ ግን አያቱ አሉለት፤ አክስቱ በስልክ እንዲያገናኟቸው ለምኜ እሺ ብለውኛል። ወላጆች ውጤት ሊወስዱ ሲመጡም ከካርዱ በፊት «ማታ ማታ ለማን ያወራል?» ብዬ ልጠይቃቸው አስቤአለሁ። «መጀመሪያ ስንተኛ ወጣ?» የሚሉኝ እንደሚበዙ ይታወቀኛል።