ያረጀ ውሻ በድሬዳዋ ሙቀት

ጠዋት ከተኛበት ሲነሳ የኋላ እግሩ የሚንቀጠቀጥን ውሻ ብዙ ሰው «አርጅቷል እኮ» ብሎ ያልፈዋል። እርጅና ብቻውን ግን አያስነክስም። የሚያስነክሰው አብዛኛውን ጊዜ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ እሱ ደግሞ ማስታገሻ አለው። ውሻ መገጣጠሚያው ሲያመው እምብዛም አይጮህም። ደረጃ መውጣት ይተዋል፣ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይልሳል፣ ወገቡን ሲነኩት ያጉረመርማል። ትልልቅ ውሾችን ከ7 ዓመት፣ ትንንሾቹን ከ10 ዓመት ገደማ ጀምሮ በዚህ ዓይን እዩአቸው።

መጀመሪያ የሚታየው ክብደት ነው። መዳፋችሁን ጎኑ ላይ አሳርፋችሁ ስትዳብሱት ሳትጫኑ የጎድን አጥንቱ ሊቆጠር ይገባል። ተጭናችሁ ፈልጋችሁ ካገኛችሁት ወፍሯል፤ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ የሚያርፈው ያ የታመመ መገጣጠሚያ ላይ ነው። ከቀን ምግቡ አንድ አስረኛውን ቀንሱና ከ2 ሳምንት በኋላ መዝኑት፦ አቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ኪሎ ቀንሱ። ሳትቀንሱበት ከከሳ ግን ሐኪም ይየው።

ከምግቡ ላይ ወጥ የነካው እንጀራ ይቅር። ቀይና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ቢበስልም መርዝነቱ አይጠፋም። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ጮማ ደግሞ ቆሽትን ያስቆጣል። ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳንባና ጉበት ጥሬውን አይሰጥ፤ ውስጡ የውሃ ከረጢት ካለ ውሻውን ከኮሶ ትል ወገን የሆነ ትል ይይዘዋል፣ ከዓይነ ምድሩ የሚወጣው እንቁላልም ወደ ልጆች ይተላለፋል። ቆራርጣችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀቅሉት።

ሙቀቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ ያረጀ ልብና ሳንባ ያንን ሥራ እንደ ድሮው አይችለውም። ስለዚህ የእግር ጉዞው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ይሁን። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ 7 ሰከንድ አሳርፉ፤ ካላስቻላችሁ የእሱም እግር ይቃጠላል። አስፋልት ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ማታም ይሄው ፈተና አይቅር። ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ያለው መንገድ ከሁሉ ይሻላል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለስላሳ ስለሆነ የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን እግር ስለሚሰምጥበት ለታመመ ዳሌ ከባድ ነው። በአንድ ጊዜ 40 ደቂቃ ከመሄድ በቀን 2 ጊዜ 15 ደቂቃ ይበልጣል። ፈጽሞ ማስቀረት ደግሞ ጡንቻውን ያከሳዋል፤ ያኔ መገጣጠሚያው ደጋፊ ያጣል።

ምላሱ ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ከተንገዳገደ ሙቀት መትቶታል። ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ሆዱን፣ ብብቱንና እግሩን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቡ፣ በካርቶን አራግቡለት፣ እያራሳችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። እርጥብ ፎጣ ደርባችሁ አትተዉት፤ ፎጣው ይሞቅና ሙቀቱን ያፍነዋል። ከሰዓት በኋላ ከጣሪያ ሮቶ የሚወርደው ውሃ ትኩስ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም፤ አንድ ጀሪካን ጥላ ሥር ይቀመጥ።

ቤት ውስጥ ትልቁ ጠላት ሴራሚክ ነው። ቅዝቃዜው ደስ ቢለውም ሲነሳ እግሩ ይከፈትበታል። ከመኝታው እስከ ውሃው ድረስ ጆንያ ወይም የማያንሸራትት ምንጣፍ ዘርጉለት። መኝታው 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ይሁን፤ ቀጭኑ ላይ ክርኑ ይላጣል። ጥፍሩ ሲራመድ መሬት ላይ ቀጭ ቀጭ ካለ ረዝሟል፤ ጣቱን ወደ ላይ እየገፋ አረማመዱን ያበላሻል። በየ3 ሳምንቱ ጫፉን ብቻ ቁረጡ፤ ጠቆር ያለ ጥፍር የደም ሥሩ ስለማይታይ ትንሽ ትንሽ ይነሳ።

ሐረር ላይ ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጅብም አለ። ጆሮው የደከመ ውሻ ጅቡ ሲቀርብ አይሰማም፤ ከመሸ በኋላ ግቢ ውስጥ ሳይሆን ቤት ይደር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በደግነት የሚሰጥ የሰው መድኃኒት ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራውን ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ፓራሲታሞልም ጉበቱን ሊያጠፋ ይችላል። ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ አለ፤ መጠኑን በኪሎው አስልቶ የሚያዘው የእንስሳት ሐኪም ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም አረጀ ተብሎ አይዘለል።

ሳምንት በሳምንት ሁለት ነገር ለኩ። አንደኛው ውሃ ነው፦ ጠዋት በሊትር ለክታችሁ ስጡት፣ በማግስቱ የቀረውን ቀንሱ። በቀን በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚጠጣ ውሻ የኩላሊት ወይም የስኳር ምርመራ ይፈልጋል፤ ሙቀት ነው ብላችሁ አትለፉት። ሁለተኛው ትንፋሽ ነው፦ ጭልጥ ብሎ ሲተኛ፣ ሳያለከልክ፣ ደረቱ ከፍና ዝቅ ማለቱን እንደ አንድ እየቆጠራችሁ አንድ ደቂቃ ያዙ። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ተኝቶ ደጋግሞ ከ30 ካለፈ የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አታዘግዩ።