ባቡር የሚያድርባት ከተማ

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ከድሬዳዋ ስመለስ አውቶቡሱ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ለምሳ ቆመ። ረዳቱ «አርባ ደቂቃ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ወደ ምግብ ቤቱ ሲተም እኔ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አመራሁ። ስንት ጊዜ በዚህ መንገድ አልፌ አንድም ቀን ጎራ ብዬ አላውቅም።

በሩ አጠገብ አንድ አዛውንት ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ገብቼ ማየት ይቻላል?»

«ምኑን?»

«ጣቢያውን።»

«ግባ፣ ግባ። አይዞህ፣ ባቡር አይገጭህም።» ራሳቸው በቀልዳቸው ሳቁ።

ፍየሎች ሃዲዱ መሃል የበቀለውን ሣር ይግጣሉ። ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። አንዱን ሃዲድ ረግጬ ሌላው ላይ እግሬን ዘረጋሁ። በአንድ እርምጃ ደረስኩ። ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ነው። የአገሪቱ ቡናና ቆዳ የወጣው፣ መኪናውና ጨርቁ የገባው በዚህች ስንዝር በምታክል መንገድ ነው ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር።

ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ተጀመረ። በ1895 ሃዲዱ ከሐረር ተራሮች ሥር ደረሰ። ሽቅብ ሐረር መውጣቱ ከባድ ስለሆነ እዚያው ሜዳው ላይ ቀረ፣ ድሬዳዋም ተቆረቆረች። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተቋቋመ፣ ዓመታት ነጎዱ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ምኒልክ ግን በ1906 አርፈዋል። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቀው ከተማቸው ሲገባ ሳያዩት ቀሩ።

አዋሽን አዋሽ ያደረጋት ሌላ ነገር ነው። ያኔ ባቡሩ በጨለማ አይሄድም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል። አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ ያድራል፣ ሌላውን እዚህ። እንግዲህ ባቡር ሙሉ ሰው ሲያድር እራት ይፈልጋል፣ መኝታ ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል። ይቺ ከተማ የተሠራችው በመምሸቱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለዚህ ነው ቡፌ ደ አዋሽ የሚባለው ሆቴል ጣቢያው ደጃፍ ላይ ያለው። ሰፊ በረንዳ፣ በላዩ የተጠመጠመ አበባ። አንደኛ ማዕረግ የመጣው ሰው አንሶላ ላይ ይተኛል። ሌላው እንደ አቅሙ ነው። ጣቢያ ማለት ደግሞ ትኬት መቁረጫ ብቻ አልነበረም። የእንፋሎቱ ባቡር ውሃ የሚሞላው ጣቢያ ነው። የቴሌግራሙ ሽቦም በሃዲዱ ዳር ነው የተዘረጋው። የምድር ባቡር ሠራተኛ ፈረንሳይኛ መቀላቀል ይወዳል። ለገሃር የምንለውም ቢሆን የእነሱው «ላ ጋር» ነው፣ ጣቢያ ማለት።

እናቴ በልጅነቷ በዚህ ባቡር ሄዳለች። ሦስተኛ ማዕረግ። በእሷ ጊዜ አዋሽ ላይ ማደር ቀርቷል፣ መቆም ግን አልቀረም። ባቡሩ ሳይቆም ሻጮቹ መስኮቱን ይሞሉታል። ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ የግመል ወተት። ጎረቤቷ የተቀመጡት ሴትዮ ሲሄዱ ቀጭን፣ ሲመለሱ ወፍራም ነበሩ ትላለች። አራት ቀሚስ ደርበው ነው። ፈታሽ ሲመጣ «አሞኛል» ብለው ይተኛሉ። እናቴ ራሷ አንዴ ብርቱካን ገዝታ መልሷን ሳትቀበል ባቡሩ ተነሳ። «አዋሽ ላይ ስሙኒ አለኝ» ስትል ነው ያደግኩት።

ትኬት መሸጫው ተዘግቷል። የመስኮቱ ደፍ እንጨት ነው። መሃሉ ጎድጉዷል፣ ሳንቲም የሚንሸራተትበት ቦታ ላይ። በአውራ ጣቴ አበስኩት። እንደ አሮጌ ማንኪያ ለስላሳ ነው።

ስወጣ አዛውንቱ «ድልድዩን አየኸው?» አሉኝ።

«አላየሁም፣ አባባ።»

በእጃቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ጠቆሙ እንጂ ምንም አልጨመሩም። ነገሩ ገባኝ። በጥር 1977 ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር አዋሽ አካባቢ ድልድይ ላይ ካለ ኩርባ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። አገሩ በረሃቡ ተይዞ ስለነበር ይሁን አላውቅም፣ እኔ ባደግኩበት ሰፈር ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ለእሳቸው ግን ታሪክ አልነበረም። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ስላየሁ አልጠየቅኳቸውም።

አዲሱ ባቡር በ2009 ተመርቆ መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው በ2010 ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል። የሃዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው፣ በአንድ እርምጃ የምደርስበት አይመስለኝም። ጣቢያው ያምራል አሉ። ባቡሩ ግን አያድርም፣ ለምን ያድራል? ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በቀን ይደረስበታል። ለአገር ጥሩ ነው። ለቡፌው አንሶላ አይደለም።

የአውቶቡሱ ጡሩምባ ሲጮህ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ምሳም አልበላሁ። አንዲት ልጅ መስኮቴ ሥር ብርቱካን ይዛ ቆማለች። የሃምሳ ብር ገዛሁና መቶ ብር ሰጠኋት። መልስ ስትፈልግ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ተውኩት ብዬ ስቀመጥ ልጅቷ በነጠላ ጫማዋ አቧራውን እያስነሳች ሮጠች። ብሩን ጠቅልላ በመስኮቱ ወረወረችልኝ። ጭኔ ላይ አረፈ።

መተሐራ ስንደርስ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። በጣም ሳቀች። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና፦

«ታዲያ የእኔን ስሙኒ አልጠየቅክልኝም?»