ለአለን ከርቲስ መታሰቢያ፦ ሬሲታቲቩን አንቁረጥ

ዘፋኝ የሆነች ወዳጄ ለሃርፕሲኮርድ (ፒያኖ መሰል ጥንታዊ መሣሪያ) ተጫዋቹና ለኦርኬስትራ መሪው ለአለን ከርቲስ የመታሰቢያ ኮንሰርት እንድናዘጋጅ ሐሳብ አቅርባ የመርሐ ግብሩን ረቂቅ ላከችልኝ። በአብዛኛው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የሙዚቃ ደራሲ ከሄንደል ኦፔራዎች የተመረጡ ታዋቂ አሪያዎች (የብቻ ዜማዎች) ናቸው፤ አንዱ ይዘፈናል፣ ይጨበጨባል፣ ሌላው ይቀጥላል። በመካከላቸው ታሪኩን የሚናገረው ሬሲታቲቭ ተቆርጧል። ለሌላ ሰው ቢሆን ደስ ብሎኝ እቀበለው ነበር። ለእርሱ ግን አይሆንም። በስልክ የጀመርኩትን ክርክር እዚህ ልጨርሰው።

ከርቲስ በ1934 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሚሺጋን ተወለደ። አምስተርዳም ሄዶ ከጉስታቭ ሌዮንሃርት ሃርፕሲኮርድ ተማረ፤ በአሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ፤ በ2015 ፍሎረንስ ውስጥ አረፈ።

ባሮክ ኦፔራ (የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኦፔራ) ወደ መድረክ የተመለሰው አካሉ ጎድሎ ነበር። በ1920 ጀርመን፣ ጎቲንገን ውስጥ የሄንደል «ሮደሊንዳ» ከዘመናት በኋላ ሲታይ ሙዚቃው ተቆራርጦ ነበር፤ ለካስትራቶ (ቀጭን ድምፁ እንዳይጎረንን በልጅነቱ ለተሰለበ ወንድ ዘፋኝ) የተጻፈው የጀግናው ዜማም አንድ ኦክታቭ (ስምንት ድምፅ) ወርዶ ለባሪቶን (ወፈር ላለ የወንድ ድምፅ) ተሰጠ። ብዙዎች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ከርቲስ በ1977 የሄንደልን ኦፔራ «አድሜቶ»ን ሲያስቀርጽ ግን የሄንደልን ዘመን መሣሪያዎች ተጠቀመ። በ1727 ለንደን ላይ ካስትራቶው ሴኔዚኖ የዘፈነውን የንጉሥ አድሜቶን ክፍልም ለካውንተርቴነሩ (በቀጭን ድምፅ ለሚዘፍነው ወንድ) ለሬኔ ያኮብስ ሰጠ፤ ድምፁ በተጻፈበት ከፍታ ቀረ።

ያንን ቅጂ ከመጀመሪያው ስሙት። ንጉሥ አድሜቶ ሊሞት ተቃርቧል። በደም የተነከረ ጩቤ የያዙ መናፍስት በቅዠቱ ውስጥ ይጨፍራሉ። ከእንቅልፉ ይባንናል፣ ይጮኻል፤ ዜማው ይቆራረጣል፣ ኦርኬስትራው በየመሐሉ ይገባበታል። ዓይኖቹ እንዲከደኑለት የሚለምንበት አሪያ የሚመጣው ኃይሉ ተሟጦ ካለቀ በኋላ ነው። ለብቻው ሲዘፈን የሚያምር ሐዘን ነው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ሲመጣ ግን ሞትን እንደ ዕረፍት የሚጠራ ሰው ይሆናል፤ እኔ በሰማሁት ቁጥር ሥራዬን አቁሜ ነው የማዳምጠው።

የሃርፕሲኮርድ ተጫዋች ስለሆንኩ ደግሞ ጆሮዬ የሚያደላው ወደ ሬሲታቲቩ ነው፤ ንግግር ወደሚመስለው፣ ታሪኩን ወደሚያራምደው ክፍል። ደራሲው ከዘፋኙ ዜማ ሥር የሚጽፈው የባሱን መስመር ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ጥቂት ቁጥሮች ይጨምርበታል። ኮርዱ (አብረው የሚሰሙት ድምፆች) ይበተን ወይስ በአንድ ጊዜ ይመታ፣ ዝምታው ምን ያህል ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። ከርቲስ ከሃርፕሲኮርዱ ተቀምጦ የሚመራ ሰው ነበር። ዲ ሻርፕና ኢ ፍላት እንደ ቀድሞው ቅኝት የተለያዩ ድምፆች እንዲሆኑ፣ ጥቁር ቁልፎቹ ለሁለት የተከፈሉ ሃርፕሲኮርድ እስከ ማሠራት ደርሷል። ለአንድ ድምፅ ይህን ያህል የተጨነቀን ሰው ሬሲታቲቩን ጥሎ ማስታወስ ይከብደኛል።

ረቂቁ የሚዘጋው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ደራሲ በሞንቴቨርዲ ኦፔራ «ፖፔያ» የመጨረሻ ዱኤት (የሁለት ሰው ዜማ) ነው። እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን የዚያን ኦፔራ ኖታ በ1989 ያሳተመው ከርቲስ ራሱ ዱኤቱ የሞንቴቨርዲ እንዳልሆነ ተከራክሯል።

ስለዚህ እህቴ፣ የ«አድሜቶ»ን የመጀመሪያ ገቢር ከነሬሲታቲቩ እናቅርብ። ትንሽ ኦርኬስትራና አንድ ሃርፕሲኮርድ ይበቁናል። ዱኤቱንም ከፈለግሽ ዝፈኚው፤ በመርሐ ግብሩ ላይ ግን የሞንቴቨርዲን ስም አጠገቡ አትጻፊ።