በጨለማው ማንሃተን እግሬን የያዘች እመቤቴ

እግዚአብሔር ይመስገን፤ እመቤቴ ትመስገን። ስለት አለብኝና ላድርስ። «ካወጣሽኝ እመሰክራለሁ» ብዬ ነው የተሳልኩት። ከነፎቶ ማንሳት ሙያው የምጽፈው ደግሞ በአውሎ ነፋስ ማግስት ካሜራ አንግቶ የሚወጣ ሰው ስለማይጠፋ ነው።

ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ዮርክን የመታው ጥቅምት 19 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 29 ቀን 2012 ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ግድም፣ 14ኛው መንገድ ምሥራቅ ጫፍ ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ የባሕር ውኃ ገብቶበት ፈነዳ። ከ39ኛው መንገድ በታች ያለው ማንሃተን ከሞላ ጎደል ጨለመ። እኔ ጨለማውን ፎቶ ላነሳ የወጣሁት በ21፣ በማርያም ዕለት ነው። ከበር ሳልወጣ «እግሬን አደራ» አልኳት።

መብራት የጠፋበትን ከተማ ለማንሳት ድፍን ጨለማ አይጠበቅም። ዋናው ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያሉት ከ20 እስከ 30 ደቂቃዎች ናቸው፤ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ስለሆነ የሕንጻው ጠርዝ ተለይቶ ይታያል። ካመለጠ የቀረው ጨረቃ ነው። ያን ሰሞን ከሞላች ሁለት ቀኗ ነበር። ጨረቃ በሚያገኘው ገላጣ ቦታ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ስሜት) 800፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 4፣ ብርሃን ማስገቢያው ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ክፍት ቢሆን ይበቃል። በሕንጻዎች መካከል ግን የሰከንዱ እጥፍም ላይበቃ ይችላል።

በዚያው ሌሊት ኢዋን ባን የተባለው የሆላንድ ፎቶ አንሺ ከሄሊኮፕተር ላይ ያነሳው ምስል የኒው ዮርክ መጽሔት ሽፋን ሆኗል። ሄሊኮፕተር እየተንቀጠቀጠ ረጅም ሰከንድ አይታሰብም፤ ስለዚህ አይኤስኦውን 25,000 አድርሶ በ1/40 ሰከንድ አነሳ። ለእኔ የምስሉ ጉልበት ያለው የበራውን የላይኛውን ከተማ አብሮ በመያዙ ነው። ድፍን ጥቁር ብቻ ቢሆን ማን ያምነው ነበር?

አውቶፎከስ፣ ማለትም ካሜራው በራሱ ምስሉን የሚያጠራበት ዘዴ፣ በጨለማ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ አይይዝም። ሩቅ ያለ አንድ መብራት ላይ አስይዘው ወደ ማኑዋል (በእጅ ወደሚስተካከለው) ይቀይሩ፤ የሌንሱን ማጥሪያ ቀለበት በፕላስተር ያጣብቁ። መኪና ሲመጣ ሌንሱን ሳይነኩ በጥቁር ካርቶን ይጋርዱ፤ ሲያልፍ ካርቶኑን ያንሱ፤ ሻተሩ (ብርሃን ማስገቢያው መዝጊያ) ክፍት እንደሆነ ይቆይ። ስክሪኑን አይመኑ፤ በጨለማ የለመደ ዓይን ጥቁሩን ምስል ብሩህ አድርጎ ያያል፣ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የምስሉን ብርሃንና ጥቁረት የሚያሳየውን ሥዕላዊ መለኪያ፣ ይዩ። ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ የለምና ሦስት የካሜራ ባትሪ ይያዙ፣ ያውም እንዳይቀዘቅዝ ከውስጥ ኪስ።

የእኔ ጥፋት የእጅ ባትሪውን ማጥፋቴ ነው። ብርሃኑ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ፣ ዓይኔም ጨለማውን እንዳይረሳ ብዬ ነበር። (ለዚህ ቀይ ብርሃን ያለው የራስ መብራት አለ፤ እኔ አልያዝኩም።) አቬኒው ሲ በተባለው የማንሃተን ጎዳና አካባቢ፣ ግድግዳ ጥግ ትራይፖዱን (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያውን) ልዘረጋ አንድ እግሩን ቀድሜ አስቀመጥኩ። መሬት አልነካም። ሸርተት ብሎ ወረደ፣ እጄ ውስጥ የቀረው ካሜራውና የትራይፖዱ ራስ ብቻ ነበር። ባትሪውን አበራሁ፤ አስፋልት የመሰለኝ ውኃ ነው! የአንድ ሱቅ ምድር ቤት የብረት ክዳን እንደተከፈተ ቀርቶ፣ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል። እግሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ታች አልደረሰም። ስለቱን የተሳልኩት እዚያው ቆሜ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው። ግራ እግሬ ከጠርዙ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር።

ውኃው የባሕር ጨው አለበት። ትራይፖዱን በዚያው ሌሊት በንጹሕ ውኃ ማጠብ ሲገባኝ ሳምንት አቆየሁት፤ የአንደኛው እግር መቆለፊያ ዝጎ ነክሶ ቀርቷል፣ አሁንም አይፈታም። ይኸው ስለቴ።